ለሁለት ሰው የተያዘ መኪና

ጥር 9

አባባ፣

እንደምን ከርመሃል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልጻፈ ሰው ዛሬ ተነስቶ እንደምን ከርመሃል ሲል እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ግን ደብዳቤ ከሰላምታ ሌላ በምን ይጀመራል? መጀመሪያ እንደማንኛውም ደንበኛ ልጻፍልህ ብዬ «ለክቡር የመኪና አገልግሎቱ ባለቤት» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሁለት መስመር ሄጄ ቀደድኩት።

እኔ ደህና ነኝ። ስፌቱን አልተውኩም። አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ሰው ያሳጥሩልኝ፣ ያጥብቡልኝ፣ ዚፕ ይቀየርልኝ የሚለውን ሁሉ እሠራለሁ። መስኮቱ ሥር ነው የምቀመጠው። እንግዲህ መኪና ያለው አንተ ብቻ አይደለህም፤ የእኔዋ ብቻ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም።

የምጽፈው መኪና ልይዝ ነው። ግንቦት 9፣ ሐሙስ፣ አውሮፕላኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያርፋል። እቃ እስኪወርድ አንድ ሰዓት ጨምርበት። ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ ትንሽ አለን። ሁለት ሰው ነን። ከኋላ የልጅ ወንበር ይታሰርልን፤ ሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ በጭን አይገፋም።

በከተማው ውስጥ ሌሎች መኪኖች እንዳሉ አውቃለሁ። ተፎካካሪህ ቀዮም አሁን ሁለተኛ መኪና ገዝቷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ስሄድ በቀዮ መኪና ሄድኩ፤ ስመጣ ባንተ መምጣት እፈልጋለሁ። አንተ ራስህ እንድትነዳ ነው የምፈልገው። ሌላ የምለምንህ ነገር የለም። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የምንቆየው።

ደብዳቤው በቢሮው አድራሻ ይድረስህ ብዬ ነው። የቤቱን የፖስታ ቁጥር ረስቼዋለሁ።

ልጅህ


የካቲት 2

ለተከበሩ ደንበኛችን፣

መኪና እንዲያዝልዎ በጥር 9 የጻፉት ጥያቄ ደርሶናል። በጠየቁት መሠረት ሐሙስ ግንቦት 9 ከኤርፖርት እስከ ከተማችን ለሁለት መንገደኞች አንድ መኪና ተይዟል። ሹፌር ይመደባል። ሹፌሩ ስምዎን የያዘ ወረቀት ይዞ በመውጫው በር ይጠብቅዎታል። አውሮፕላኑ ቢዘገይም መኪናው እርስዎን ሳይዝ አይመለስም።

የልጅ ወንበር በአሁኑ ጊዜ ስለሌለን የምናስመጣ መሆኑን እየገለጽን፣ የልጁን ዕድሜና ክብደት እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የቢሮው ጸሐፊ

(ከታች በእጅ የተጻፈ)
ወንድ ነው ሴት? ማንን ይመስላል?


የካቲት 21

አባባ፣

«የተከበሩ ደንበኛችን» ብለህ ስላከበርከኝ እግዜር ያክብርልኝ።

ሴት ናት። አምስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ክብደቷን ሐኪም ቤት አሥራ ስምንት ኪሎ አሉኝ፤ ደረጃ ላይ ተሸክሜያት ስወጣ ግን ሠላሳ ትሆናለች። ግንባሯ የእናቴ ነው። ኩርፊያዋ ያንተ ነው፤ አንድ ጊዜ ፊቷን ካዞረች በሦስት ሰው ሽማግሌ አትመለስም።

ያቺን ከታች ያለችውን መስመር ባላገኛት ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር። «ሹፌር ይመደባል» የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ከመሳቢያ ጨምሬው ነበር። ማታ ልጅቷ እርሳስ ስትፈልግ አውጥታ «ይህ ጽሑፍ ለምን ከሌላው ተለየ?» አለችኝ። የእጅ ጽሕፈትህን አላየሁትም ነበር።

አባባ፣ እኔ አንተን ለማናደድ አይደለም ዝም ያልኩት። ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። ቢሮ ብደውል ለስልከኛዋ የሳምንት ወሬ ይሆንላታል ብዬ በቤቱ ስልክ ነው የደወልኩት። የመጀመሪያው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ልጅቷ አፏን የፈታች ሰሞን። ሁለተኛው ታምሜ ተኝቼ በነበረ ጊዜ። ሦስተኛው ባለፈው ጥቅምት። ሦስቱንም ጊዜ ያነሳኸው አንተ ነህ። «ሃሎ» አልክ። «አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩህ። «ሃሎ» አልክ ደግሞ። «እኔ ነኝ እኮ» አልኩ። ዘጋኸው። ባለፈው ጥቅምትማ ስሜንም፣ አንተ ያወጣህልኝን ቅጽል ስምም ጠርቼልህ ነው የዘጋኸው።

ልጁ እኔ ነኝ ስትለው ስልክ የሚዘጋ ሰው ሹፌር ቢመድብላት አይገርማትም። የሄድኩ ቀንም እንዲሁ ነበር። «ደንበኛ ይዣለሁ፣ ላደርስሽ አልችልም» አልከኝ። ከመሄዴ በፊት ስልከኛዋን ልሰናበት ቢሮ ገብቼ ነበር። የቀጠሮውን ሰሌዳ አይቼዋለሁ፤ የዚያን ቀን ምንም የተጻፈበት ነገር አልነበረም። የከተማውን ሰው ሁሉ ኤርፖርት ያደረስክ ሰው አንድ ልጅህን ማድረስ አቃተህ።

አንተ የማትነዳ ከሆነ መኪናውን ሰርዘው። አውቶቡስ አለ።

ልጅህ


መጋቢት 9

ለጩጬ፣

ይህን በእጄ የምጽፈው እኔው ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ መሪ የለመደ እጅ ብዕር ስለማይገራለት ነው።

ያንን ደብዳቤ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስልከኛዋን አትውቀሻት፤ ጸሐፊነቱንም የያዘችው እሷ ናት። ፖስታውን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስታኖረው ገና ሳልከፍተው ጽሕፈትሽን አወቅሁት። አንብቤ ስጨርስ መልስ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። «ለሁሉም ደንበኛ የምንልከውን ላኪላት» አልኳት። «ለልጅዎት?» አለችኝ። ከንፈሯን አይቼ ነው ያወቅሁት። «ላኪላት ብያለሁ» አልኳት። ከታች ያለችውን መስመር ግን ፖስታው ከመታሸጉ በፊት እሷ ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ነው የጨመርኳት።

ከንፈሯን አይቼ ያልኩበትን ምክንያት ልንገርሽ። ጆሮዬ አይሰማም ጩጬ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የእኔው ጨርሶ አገር ጥሎ ሄደ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር የሚያወራው መንገደኛ ድምፅ ጠፋኝ፤ ሰዉ ጨዋታ ቀነሰ፣ ጊዜው ከፋ ብዬ ነበር። ቀጥሎ ፍሬቻ ሳበራ ቀጭ ቀጭ የምትለው ጠፋችኝ፤ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ አስቀየርኩት። መካኒኩ እያዘነልኝ ሳይሆን አይቀርም የቀየረልኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ሄድኩ። ሐኪሙ ከጀርባዬ ቆሞ ሲጠራኝ እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል እያየሁ ቆሜያለሁ። መንጃ ፈቃዱም እዚያው ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼ አንድ ሰው ሳልገጭ ጆሮዬ ገጨኝ።

ስለዚህ «ሹፌር ይመደባል» ማለቴ ኩርፊያ አይደለም። መኪናዬን የምትነዳው አንዲት ሴት ናት፤ ከዚህ በፊት የአምቡላንስ ሹፌር ነበረች። ጎበዝ ናት። ከእኔ ትሻላለች እንድልሽ ብቻ አትጠብቂ።

የስልኩን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ስልኩን ከጎኔ ስለማኖረው ጥሪው ይሰማኛል። ቃሉ ነው የሚጠፋኝ። አነሳዋለሁ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ነገር ይንሿሿል፤ ሃሎ እላለሁ፤ እዘጋዋለሁ። መስመሩ ተበላሽቷል ብዬ ሦስት ጊዜ ሠራተኛ አስመጥቻለሁ። ሦስቱም «ስልኩ ደህና ነው» ብለው ሄዱ። አንዱንማ «እናንተ ሥራ አትወዱም» ብዬ ሰድቤዋለሁ። ዝናቡ ውስጥ አንቺ እንዳለሽ በምን ልወቅ?

ለምን አልነገርከኝም ትይ ይሆናል። የምልከው ሰው አጥቼ አይደለም። ከከተማው አውሮፕላን የሚሳፈረውን ሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንቺ ወዳለሽበት የሄዱትንም አደራ ብያቸዋለሁ፤ ካገኛችኋት ደህና ነው በሏት፣ ስለ ጆሮዬ አንድ ቃል እንዳታነሱ ብዬ። ደንቆሮ ሆነ ሲሉሽ በሐዘኔታ እንድትመጪ አልፈለግሁም። መምጣትሽን ግን ፈልጌ ነበር።

የዚያን ቀን ደንበኛ አልነበረኝም። ሰሌዳውን ማየትሽን አላውቅም ነበር። ከሄድሽ አልሸኝሽም ብዬሽ ነበር፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና መመለሻው ጠፋኝ። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ ሰውን አድርሼ ስመለስ ቤቱ ውስጥ አንቺ አለሽ። አንቺን አድርሼ ወደ ማን ልመለስ? ይህን ማለት ነበረብኝ፤ ደንበኛ አለኝ አልኩ።

በቀዮ መኪና ስትሄጂ ከኋላችሁ ነበርኩ። እስከ ትልቁ ድልድይ ድረስ ተከተልኳችሁ። እዚያ ስደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ። አውሮፕላኑ ይነሳል የተባለበት ሰዓት እስኪያልፍ እዚያው ነበርኩ። ቀዮ በመስታወቱ አይቶኛል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰም፤ ለእኔም ጭምር።

መኪናው ይሰረዝ ብለሽ ጽፈሽልኛል። አልሰረዝኩትም።

አባትሽ


መጋቢት 27

አባባዬ፣

ደብዳቤህን ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። የአንድ ሰውዬ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር፤ አንዱን እግር ሁለት ጊዜ አሳጠርኩት። ሰውየው ደግ ሆነና «ለበጋ ይሆነኛል» ብሎ ወሰደው።

በሦስት ጥሪ ሦስት ዓመት አኩርፌሃለሁ። ይቅር በለኝ ማለት የሚበቃ ቢሆን አንድ ገጽ ሙሉ እጽፍልህ ነበር።

ስለ ቀዮ ልንገርህ። የዚያን ቀን እንደ ቀብር መኪና ነበር የሚነዳው። ሌላው ሁሉ እየቀደመን ያልፋል። «አውሮፕላን እኮ ነው የሚያመልጠኝ፣ ለምንድነው የምትንቀራፈፈው?» ብዬ ተቆጣሁት። «ሞተሩ ሞቋል» አለኝ። ከድልድዩ በኋላ ግን መኪናው አበረረን። ለካ እንዳትርቀን ነበር። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ባይ ኖሮ ድልድዩን አላልፍም ነበር፤ አላየሁም። አንዴ ዞሬ ካየሁ አልሄድም ብዬ አንገቴን አድርቄ ነበር የተቀመጥኩት።

አሁን የእኔ ተራ ነው። የልጅቷ አባት ለምን አይመጣም ብለህ አልጠየቅህም፤ ግን ለሁለት ሰው መኪና ስይዝ እንደገባህ አውቃለሁ። ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። አልተደባደብንም፣ አልተሰዳደብንም። አንድ ቀን ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ፤ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ አሁን ለልደቷ ካርድ ይልካል። የመጀመሪያውን ስልክ የደወልኩልህ ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ አፏን ፈታች ልልህ ብቻ አልነበረም። አንተ እኔን ብቻህን ስታሳድግ እንዴት ቻልከው ብዬ ልጠይቅህ ነበር። አላልኩሽም ነበር እንዳትለኝ ደግሞ ፈርቼ ነበር።

እስከ ዛሬም መልሱን አላገኘሁትም። እንዴት ቻልከው?

ጩጬ


ሚያዝያ 16

ለጩጬዬ፣

ይህን ደብዳቤ ነገ የምትበር አንዲት ነርስ ይዛልኝ ትመጣለች። ኤርፖርት የምናደርሳት እኛው ነን፤ በደረሰች በማግሥቱ ፖስታ ቤት እንደምትጥለው ምላልኛለች።

እንዴት ቻልከው ላልሽው፣ አልቻልኩትም። ጸጉርሽን መሥራት አልችልም ነበር፤ ከቢሮው ጎን ያለችው ጸጉር ሠሪ ባትኖር ተላጭተሽ ነበር የምታድጊው። ትምህርት በማይኖርበት ቀን የማስቀምጥሽ ሰው ስላልነበረኝ ከፊት ወንበር አስቀምጬ ኤርፖርት ይዤሽ እሄድ ነበር። መንገደኞቹ ብስኩት ይሰጡሻል፤ ድልድዩ ሳይደርስ ትተኛለሽ። አንድ ነጋዴ «ይህቺ ረዳትህ ሥራ ላይ ትተኛለች» ይለኝ ነበር። የቻልኩ የሚመስለው አልፎ ሲታይ ነው። አንቺም አንድ ቀን እንዲሁ ይመስልሻል። አላልኩሽም ነበር ስላልሽው ደግሞ፣ እኔ ስለዚያ ሰው ምን ብዬ አውቃለሁ? ያልኩሽ ነገር አትሂጂ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የልጅ ወንበሩ መጥቷል። ሹፌሯ አስራው ራሷ በሁለት እጇ ወዝውዛ ሞክራዋለች። ከከተማ የምንነሳው ንጋት ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ተብሎ ግማሽ ሰዓት ተጨምሯል። እኔ ከሹፌሯ ጎን እቀመጣለሁ። ስትወጡ በቀኝ በኩል ካለው ምሰሶ ሥር ቆሜ ታገኙኛላችሁ። ወረቀት እይዛለሁ፤ ሥራ ሥራ ነው። ትንሽ እንዳጠርኩ ግን እወቂ።

ለልጅቷ ንገሪያት፦ ከጀርባዬ ብትጠራኝ አልሰማም። መጀመሪያ ትንካኝ፣ ከዚያ ፊቴን እያየች ታውራ። ከፈራችኝ አታስገድጃት።

የልጅቷን ስም ከላይ ጽፈሽ፣ የምትበላውንና የማትበላውን ዘርዝረሽ ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽውን ስልከኛዋ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

አባትሽ


ሰኔ 12

አባባ፣

በሰላም ገብተናል። ትምህርት ቤትም ሥራም በማግሥቱ ተጀመረ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አለብኝ፤ ሦስት ሳምንት አብረን ስንቀመጥ አፌ ላይ እየመጣ ተመልሷል። የመጣን ቀን አጠገብህ አልፌ ሄጄ ነበር። አላየሁህም አልልህም። አየሁህ፤ አላወቅሁህም። ዓይኔ ረጅም ሰውዬ ነበር የሚፈልገው፤ ኮቱ የማይሰፋበትን፣ ሻንጣ በአንድ እጁ የሚያነሳውን። ጋሪውን እየገፋሁ ሳልፍ ያቆመችኝ እሷ ናት። ማንበብ የምትችለው ስሟን ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የእኔን ትተህ የእሷን ጽፈሃል። ዞሬ ሳይ እጅህን ነክታህ ፊት ለፊትህ ቆማ ታወራለች። አንተ ጎንበስ ብለህ ትሰማታለህ። እንዳለፍኩህ አይተሃል፤ እስክንለያይ አንዲት ቃል አላነሳህም። ይቅር በለኝ።

ሁለተኛው ጆሮህን ላስመረምር ሐኪም ቤት የወሰድኩህ ቀን ነው። የመስሚያውን መሣሪያ አውልቀህ «ሁሉም ነገር ይጮህብኛል፣ ሰው ብቻ ነው የማይሰማኝ» ስትል ጮኽኩብህ። ፊቴን አዙሬ ስለነበር አልሰማኝም ብዬ ነበር። አብራን የገባችው ሹፌር ግን ከግድግዳው መስታወት ውስጥ ሁሉንም ከከንፈሬ እንዳነበብክ ነገረችኝ።

ስትሸኘን ከፊት አልተቀመጥክም፤ ከእኔና ከልጅቷ መሃል ገባህ። መንገዱን ሙሉ የምነግርህን ሳሰናዳ ነበር። እሷ ክንድህ ላይ ተኛች፣ አንተ ክንድህ እንዳይነቃነቅ ተጠነቀቅህ፣ እኔም እንዳልቀሰቅሳት ዝም አልኩ፤ ደረስን። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ና ከእኛ ጋር ኑር። የጨርቅ ማስቀመጫ ያደረግኳት ክፍል አለች፤ ጨርቁን አወጣዋለሁ። ወረቀቱን ሁሉ እኔ እጨርሳለሁ። እሷ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አያቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። አሁን መምህሯንም ሳትነካ አታናግራትም፤ ሴትዮዋ ተጠርቼ ሄጄ እስካስረዳት ግራ ገብቷት ነበር።

እባክህ ቶሎ እምቢ አትበል።

ጩጬ


ሐምሌ 20

ለጩጬና ለነካ-ነካ፣

ቶሎ እምቢ አትበል ስላልሽኝ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። አልመጣም ልጄ።

ክፍሏን ለክተሽ ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽውን ሥዕል አየሁት። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ይሁን ከግድግዳው ብለሽ ሥዕሉ ላይ ጠይቀሽኛል። ሳስበው አመሸሁ፤ ከመስኮቱ ሥር አደረግሁት፤ ተኛሁበት፤ ጠዋት ሲነጋ የት እንደምሄድ አጣሁ። እዚህ ደንቆሮ ብሆንም የታወቅሁ ደንቆሮ ነኝ። ዳቦ ሻጩ አፉን ከፍቶ ያናግረኛል፣ ጸጉር ሠሪዋ መዳፌ ላይ በጣቷ ትጽፍልኛለች፣ መኪና ሳላይ ልሻገር ብል መንገዱ በሙሉ ይቆምልኛል። እዚያ ጆሮም ቋንቋም የሌለኝ ሽማግሌ ነኝ። አንቺ ሥራ፣ እሷ ትምህርት ቤት፣ እኔ መስኮት። እንዲያ አታድርጊኝ።

በአጠገቤ ማለፍሽን አንስተሻል። አይቼሻለሁ። ልጠራሽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ ራመድሽ፤ እናትሽ እንደዚያ ነበር የምትራመደው። ትንሽ ልያት ብዬ ነው ያልጠራሁሽ። ይህ ይቅርታ አያስፈልገውም።

ቤቱ አይከብደኝም ብዬ ግን አልዋሽሽም። ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ስልከኛዋ መጥታ በሩን ብትደበድብ ማን ይሰማታል? በመስኮት ገብታ ነው ያገኘችኝ፤ በዚያ ሰውነቷ። ከዚያ ሐሙስ ሲሆን ሹፌሯ ደጅ መጥታ ቆመች። አንድ መምህርና ሚስቱን ልታደርስ ነው፤ የፊቱ ወንበር ባዶ ነው፣ ይምጡ አለችኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ አልቀርም። እሷ የሚሄዱትን አውርዳ የሚመጡትን እስክትቀበል እኔ መውጫው በር ላይ እቆማለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ በር ላይ ስቆም ዓይኔ ሻንጣና ሰዓት ላይ ነበር። አሁን ሰዉን አያለሁ። የሚተቃቀፈውን፣ ማንም ያልመጣለትን፣ ስልክ እያወራ ዘመዶቹን አልፎ የሚሄደውን።

ባለፈው ሐሙስ የበሩ ጥበቃ መጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አልሰማሁትም። አጠገቤ የነበረችው ሹፌር በያዘችው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ፦ «በየሳምንቱ ቆመው አይዎታለሁ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት? ይላል።»

«ልጄንና የልጅ ልጄን» አልኩት።

ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ ጻፈችልኝ፦ «መቼ ነው የሚመጡት?»

ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደምል እሷም አታውቅም። ሰውየው ግን ቆሞ ይጠብቃል።

«በጥር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሲመለስ ከጥበቃ ቤቱ ወንበር ይዞልኝ መጣ፤ እስከ ጥር በእግርዎ አይቆሙም አለኝ። ይህን ያለማንም እርዳታ ከከንፈሩ አነበብኩት። እንግዲህ ጨዋ ሰው ነው፤ በእሱ ፊት ውሸታም እንዳታደርጊኝ።

አባትሽ